ወደ ገርባ ጉራቻ ሐይቅ ለሚደረግ ጉዞ የታሪክ መቅድም

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ በባሌ ተራሮች ወደሚገኘው ወደ ገርባ ጉራቻ ሐይቅ ለምናደርገው ጉዞ ዕቅድ ስናወጣ ስለ ስፍራው ካነበብናቸው ጥናቶች ያገኘነውን ታሪክ ለጓደኞቻችንና ለመምህራኖቻችን በአጭሩ ማቅረብ ነው። የጉዞ ዕቅድ ሲባል ብዙውን ጊዜ የሚታሰበው ስንቅ፣ ልብስና መጓጓዣ ነው። እነዚህ ሁሉ አስፈላጊዎች ናቸው፤ በመጨረሻው ክፍል እንመለስባቸዋለን። ነገር ግን የታሪክ ተማሪ ከሁሉ አስቀድሞ ሊጠይቀው የሚገባ ጥያቄ አለ፤ ይኸውም «ከእኛ በፊት ወደዚያ የወጣው ማን ነው? እንዴትስ ኖረ?» የሚል ነው። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመቶች እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

፩. የስፍራው አቀማመጥ

ገርባ ጉራቻ በኦሮምኛ «ጥቁር ባሕር» እንደ ማለት ነው። ሐይቁ ከባሕር ጠለል በላይ በ3,950 ሜትር ገደማ ከፍታ፣ ከሳነቴ አምባ በስተ ሰሜን ባለው ጥግ፣ በቶጎና ሸለቆ ራስ ላይ ይገኛል። በሦስት ወገን ገደል የከበበው ጐድጓዳ ስፍራ ሲሆን፣ ጐድጓዱን የቦረቦረው በጥንት ዘመን ተራራውን ሸፍኖ የነበረው የበረዶ ግግር ነው። ከሐይቁ በስተ ደቡብ ከኢትዮጵያ ከፍተኛ ተራሮች አንዱ የሆነው ቱሉ ዲምቱ 4,377 ሜትር ከፍ ብሎ ይታያል። የቶጎና ውሃ ወደ ጎባ በኩል ይወርድና መጨረሻው ወይብ ወንዝ ነው። እንግዲህ በሐይቁ ዙሪያ የሚደርሰው ነገር ሁሉ ርቀው በቈላ ለሚኖሩ ሰዎችም የሚተርፍ ነው።

ስፍራው ብርዳም ነው። በበጋ ወራት ሌሊቱን ውሃ ይረጋል፤ ቀን ደግሞ ፀሐዩ ያቃጥላል። ጅብራና አጫጭር ቍጥቋጦ ካልሆነ በቀር ዛፍ የሚባል አይታይም። ይህን የሚመለከት መንገደኛ «ይህ ሰው ኖሮበት የማያውቅ ምድር ነው» ቢል አይፈረድበትም። ማስረጃው ግን ሌላ ይናገራል።

፪. የጥንት ነዋሪዎች

ከሐይቁ በስተ ምዕራብ በወይብ ሸለቆ በ3,469 ሜትር ከፍታ ላይ ፊንጫ ሀበራ የሚባል የዋሻ መጠለያ አለ። በዚያ የቈፈሩ ልዩ ልዩ አገር ሊቃውንት ውጤታቸውን በ2019 ሲያሳትሙ፣ ሰዎች ከ47,000 እስከ 31,000 ዓመት በፊት ባለው ዘመን ውስጥ በመጠለያው እየተመላለሱ መኖራቸውን አስረድተዋል። በከፍተኛ ተራራ ላይ ስለ ኖረ የሰው ልጅ ከሚታወቁት ማስረጃዎች ሁሉ ከቀደሙት አንዱ ይህ ነው።

የእነዚህ ሰዎች አኗኗር ሲመረመር ዕቅድ የሚለው ቃል ለእነርሱም የተገባ ሆኖ ይታያል። በመጀመሪያ ምግባቸውን እናንሣ። በምድጃቸው ዙሪያ በብዛት የተገኘው በእሳት የተጠበሰ የትልቁ ፍልፈል አጥንት ነው። ይህ ፍልፈል ከባሌ ተራሮች በቀር በሌላ አገር አይገኝም፤ ዛሬም የቀይ ቀበሮ ዋና ምግብ እርሱ ነው። ፍልፈሉ በየጊዜው ከጕድጓዱ ራሱን ብቅ ስለሚያደርግ፣ ልማዱን ያወቀ ሰው ብዙ ሳይደክም ይይዘዋል። ሁለተኛው ውሃ ነው። በዚያን ዘመን ከበላያቸው ባሉት ሸለቆዎች የበረዶ ግግር ስለ ነበረ፣ ቈላው በድርቅ ሲመታ እንኳ የሚቀልጠው በረዶ ውሃ ይሰጣቸው ነበር። ሦስተኛው መሣሪያ ነው። ስለታም መሣሪያ የሚሠሩበትን ጥቁር ባልጩት ያመጡ የነበሩት ከመጠለያቸው ከፍ ብሎ፣ ከ4,000 ሜትር በላይ ከሚገኝ ስፍራ ነው። ወደ በረዶው ጠርዝ የሚወጡት እንግዲህ የሚያገኙትን አውቀው ነበር ማለት ነው።

ስለዚህ ወደ ተራራው የወጡት ከቈላ ተሰደው ብቻ ነው ብሎ መደምደም የሚያስቸግር ይመስለናል። ምግብ፣ ውሃና ባልጩት በአንድ አካባቢ ማግኘታቸው ራሱ በቂ ምክንያት ሊሆን ይችላል። በዚሁ መጠለያ በላይኛው የአፈር ንብርብር ደግሞ የከብት ፍግ ተከማችቶ ተገኝቷል። አዳኞቹ የተጠለሉበትን ጣራ ከብዙ ሺህ ዓመት በኋላ እረኞች ተጠልለውበታል።

፫. ሐይቁ የመዘገበው

ገርባ ጉራቻ ራሱም እንደ መጽሐፍ የሚነበብ ነው። የውሃው ጥልቀት ዛሬ 6 ሜትር ያህል ብቻ ሲሆን፣ ከውሃው በታች ያለው ደለል ግን ከ10 ሜትር ይበልጣል። ሊቃውንት ደለሉን ከላይ እስከ ታች በቧንቧ አውጥተው፣ በየንብርብሩ ያለውን የአበባ ብናኝና የከሰል ቅንጣት በአጕሊ መነጽር እየቈጠሩ መርምረዋል። ከእነዚህ ጥናቶች ቀዳሚ የሆነውን የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ መምህር የነበሩት መሐመድ ዑመር ከባልደረቦቻቸው ጋር በ2007 አሳትመዋል።

ከጥናቱ እንደምንረዳው፣ በረዶው ከጐድጓዱ የለቀቀው ከ16,000 ዓመት በፊት ነው። ከ11,000 ዓመት በፊት ገደማ ዝናብ በበዛ ጊዜ አስታ የሚባለው ቍጥቋጦ በተራራው ላይ በፍጥነት ተስፋፋ፤ ከ6,000 ዓመት ወዲህ ደግሞ አየሩ እየደረቀ ሲሄድ ወደ ኋላ አፈገፈገ። በ2019 የታተመ ሌላ ጥናት በሐይቁ ደለል ውስጥ ያለውን ከሰል መርምሮ፣ አስታው በ14,000 ዓመት ውስጥ ደጋግሞ እንደ ተቃጠለና ከየቃጠሎው በኋላ መልሶ እንዳቈጠቈጠ አሳይቷል።

ይህ ነገር ለዛሬ ክርክር ትልቅ ዋጋ አለው። እረኞች ለከብቶቻቸው አዲስ ሣር እንዲበቅል አስታውን ሲያቃጥሉ ብዙ ሰው ድርጊቱን የቅርብ ጊዜ ጥፋት አድርጎ ይቈጥረዋል። የሐይቁ ምስክርነት ግን እሳት በዚያ ተራራ ላይ እጅግ የቈየ መሆኑን ያሳያል። በሌላ በኩል፣ እሳት ጥንታዊ ነው ማለት በማናቸውም መጠን ቢደጋገም ጕዳት የለውም ማለት አይደለም። አስታው መልሶ የሚያቈጠቍጠው በቂ የዕረፍት ጊዜ ሲያገኝ ነውና።

፬. እረኞች፣ ተመራማሪዎችና መንግሥት

በኋለኛው ዘመን የተራራው ዋና ባለ ጉዳዮች የኦሮሞ ከብት አርቢዎች ናቸው። ጎዳንቱ በሚባለው ሥርዓታቸው ከብቶቻቸውን እንደ ወቅቱ ከዝቅተኛው ወደ ከፍተኛው፣ ከከፍተኛውም መልሰው ወደ ደን ይነዱ ነበር። ሆራ የሚባሉት ማዕድናዊ ምንጮችም ከብቱን ወደ ተራራው የሚስቡ ናቸው። ይህ ሥርዓት የሣሩን ጊዜ፣ የመንገዱን ርቀትና የምንጩን ተራ ማወቅን የሚጠይቅ በመሆኑ፣ በወረቀት ባይሰፍርም የተሟላ ዕቅድ ነው።

ከውጭ አገር ከመጡት መካከል በጽሑፍ ጉልህ ስፍራ ያለው የደን ባለሙያው ሙኒ ነው። በ1958 እና በ1959–60 ሁለት ጊዜ ተጕዞ ያየውን በ1963 በለንደን አሳትሟል። ወዲያው በ1960ዎቹ የእንስሳት ተመራማሪው ሌስሊ ብራውን የደጋ አጋዘንን ሲያጠና ቈይቶ ስፍራው እንዲጠበቅ አሳሰበ፤ ብሔራዊ ፓርኩም በ1970 ተመሠረተ።

እዚህ ላይ አንድ የዘመን መገጣጠም ሊዘነጋ አይገባም። በዋቆ ጉቱ የተመራው የባሌ ገበሬዎች ዐመፅ ከ1963 እስከ 1970 የቈየ ሲሆን፣ መሪው እጁን የሰጠው ፓርኩ በተመሠረተበት ዓመት ነው። ከዐመፁ ምክንያቶች ዋነኞቹ የመሬትና የግብር ጥያቄ ነበሩ። አንዱ ለሌላው ምክንያት ነው አንልም። ሆኖም ስለ መሬት ሰባት ዓመት ለተዋጋ ሕዝብ በተራራው ላይ አዲስ የፓርክ ወሰን ሲመጣ እንዴት ሊታየው እንደሚችል መገመት አያዳግትም። የፓርኩ ወሰን በሕግ የታወጀው ከብዙ ዓመት በኋላ በ2014 ሲሆን፣ በ2023 ስፍራው በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። በሺህ የሚቈጠሩ ሰዎች ግን ዛሬም በክልሉ ውስጥ ይኖራሉ።

በዚህ ጉዳይ ሁለት ወገኖች ይከራከራሉ። አንደኛው ተራራው የአራዊት ቤት ነው፤ ሰው ትናንት የመጣ እንግዳ ነው ይላል። ሁለተኛው አባቶቻችን ከጥንት ጀምሮ የተጠቀሙበት ስለ ሆነ ገደብ አያስፈልገውም ይላል። ታሪኩን ስንመረምር ለሁለቱም ሙሉ ድጋፍ አላገኘንም። ሰው በተራራው ላይ እንግዳ አይደለም፤ ይህ በባልጩትና በአጥንት የተረጋገጠ ነው። የጎዳንቱ ሥርዓት ግን የሚመጣና የሚሄድ ነበር፤ ሣሩም ዕረፍት ያገኝ ነበር። ዓመቱን ሙሉ መስፈርና ማረስ ከዚህ የተለየ ነገር ነው። ስለዚህ መፍትሔ የሚፈልጉ ሰዎች በጥንታዊው ሥርዓት ውስጥ የነበረውን የወቅት ገደብ ቢያጠኑ የሚጠቅም ይመስለናል፤ ገደቡን ያወጡት ራሳቸው እረኞቹ ነበሩና።

፭. የጉዞው ዕቅድ

ወደ ሐይቁ ለመቅረብ ሁለት መንገድ አለ። አንዱ ከጎባ በመኪና በአንድ ቀን ወደ ሳነቴ አምባ መውጣት ነው። መንገዱ ቀላል ቢሆንም፣ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ከ1,200 ሜትር በላይ ስለሚያስወጣ ለራስ ምታትና ለማቅለሽለሽ ይዳርጋል። ሁለተኛው ከዲንሾ ተነሥቶ በእግርና በፈረስ በወይብ ሸለቆ በኩል ጥቂት ቀናት መጓዝ ነው። እኛ የመረጥነው ሁለተኛውን ነው። ሰውነት ቀስ በቀስ ከፍታውን ይለምዳል፤ ከዚህም በላይ መንገዱ በፊንጫ ሀበራ በኩል ስለሚያልፍ ታሪኩን በቅደም ተከተሉ ለማየት ያስችላል።

ወቅቱን በሚመለከት ከኅዳር እስከ ጥር ያለው ደረቅ ጊዜ ይሻላል። በዚህ ወቅት ሌሊቱ ከበረዶ ነጥብ በታች ስለሚወርድ ወፍራም ብርድ ልብስና ጋቢ ያስፈልጋል። ለስንቅ በሶ፣ ቆሎና ዳቦ ቆሎ ይበቃል። አስታ ቈርጦ ማንደድ ስለማይገባ የነጭ ጋዝ ምድጃ እንይዛለን። ውሻ ማስከተል ፈጽሞ አይገባም። በ2003 እና በ2008 የእብድ ውሻ በሽታ ከለማዳ ውሾች ወደ ቀይ ቀበሮዎች ተላልፎ ብዙዎቹን ፈጅቷል፤ በዓለም ላይ የቀሩት ደግሞ ከ500 የማይበልጡ ሲሆኑ ከእኩሌታ በላይ የሚኖሩት በባሌ ነው። መንገድ መሪና ባለ ፈረስ ከዚያው ከዲንሾ ሰዎች ይያዛል። ይህም ለደኅንነት ብቻ አይደለም፤ የቦታ ስሞችን፣ የሆራዎቹን ባለቤትነትና የጎዳንቱን መንገድ የሚያውቁት እነርሱ በመሆናቸው የምንጠይቃቸውን ጥያቄዎች ከወዲሁ አዘጋጅተናል። ኦሮምኛ የሚናገሩ ጓደኞቻችንም ይህን ክፍል እንዲመሩ ተስማምተናል።

ማጠቃለያ

ከዚህ በላይ እንደ ተገለጸው፣ ገርባ ጉራቻ ሩቅ ነው የሚባለው ከከተማ ሲለካ ነው። ለፍልፈል አዳኞች ሰፈራቸው፣ ለእረኞችም የየዓመቱ መንገዳቸው ነበር። ወደዚያ የሚሄድ ተማሪም ሆነ ስለዚያ ሕግ የሚያወጣ ባለ ሥልጣን ስፍራውን ባዶ አድርጎ ከጀመረ ዕቅዱ ከመነሻው የጐደለ ይሆናል። ከጉዞው ስንመለስ ከሽማግሌዎቹ የምንሰማውን ጽፈን ለዚሁ መጽሔት እናቀርባለን፤ በኦሮምኛ የተነገረው ቃልም ከትርጕሙ ጋር አብሮ ይታተማል።