ቁርበት የተነጠፈለት ጅብ

«ጅብ የማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ» ይባላል። ይህን የተረተ ሰው ሐረርን ያየ አይመስለኝም። ሐረር ላይ ጅቡን በደንብ ያውቁታል። አውቀውትም ያነጥፉለታል።

ለአራት ቀን ነው የሄድነው፤ እኔና ሁለት ጓደኞቼ። ዕቅዳችን ቀላል ነበር፦ ማታ ጅብ፣ አንድ ቀን ዝሆን፣ በቀረው ጊዜ ደግሞ ምንም አለመሥራት። መቼስ አዲስ አበባ ታክሲ ሰልፍ ላይ ዕድሜውን ለሚጨርስ ሰው «ምንም አለመሥራት» ራሱ ትልቅ ሽርሽር ነው። (የዓመተ ምሕረቱን ነገር ከአሁኑ እንስማማ፤ ከዚህ በታች የምጠቅሰው ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው።)

በመጀመሪያው ማታ ከግንቡ ውጭ ተንበርክኬ፣ ሥጋ የተንጠለጠለበት እንጨት በጥርሴ ነክሼ ተገኘሁ። ጅቦቹን በየስማቸው የሚጠራው ሰው «አይዞሽ እህቴ፣ ብቻ አትነቃነቂ» ይለኛል። አልተነቃነቅኩም፤ ብፈልግስ በየትኛው ጉልበቴ! ጅቡ መጣ፣ ሥጋውን ላፍ አድርጎ ሄደ፤ እኔን ከቁም ነገርም አልቆጠረኝ። ባደግኩበት ሰፈር ጅብ ማለት ቡዳ የሚጋልበው፣ ስሙ በሌሊት የማይጠራ ፍጡር ነበር። እዚህ ደግሞ ጅቡ ሲጮኽ «ጂኒ ውጦ ነው» ይላሉ። እኛ ዘንድ ክፉ መንፈስ ይዞ የሚመጣው እንስሳ ሐረር ሲደርስ ክፉ መንፈስ ጠራጊ ይሆናል። የሥጋ ቤቱን ትርፍራፊና የጓሮውን ቆሻሻም አብሮ ይጠርጋል፤ ያውም ያለ ደመወዝ።

አስጎብኚያችሁ ይህን ትርኢት «ከጥንት ጀምሮ የነበረ ነው» ካላችሁ ግን ግማሹን ብቻ እመኑት። ለጎብኚ ፊት ለፊት ጅብ ማብላት ከስድሳና ሰባ ዓመት ብዙም የማይዘል ዕድሜ ነው ያለው። ጥንታዊው ነገር ሌላ ነው። እሱን ለማየት ወደ ግንቡ መጠጋት ያስፈልጋል።

ግንቡን፣ ማለትም ጁገልን፣ ያሠሩት አሚር ኑር ኢብን ሙጃሂድ ናቸው። ኢማም አህመድ (ግራኝ) በ1543 ወይና ደጋ ላይ ከወደቁ በኋላ ባለቤታቸውን ድል ወንበራን ያገቡት፣ በ1559 ደግሞ አፄ ገላውዴዎስ በጦርነት ሲሞቱ ድሉን የወሰዱት እኚሁ ሰው ናቸው። ድሉ ግን ከተማዋን ዕረፍት አልሰጣትም። ዙሪያዋን ጦርነት ነበር፤ የአሚሩ ዘመን መጨረሻም ረሀብና ወረርሽኝ ነው። እንግዲህ 3.5 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚዞረው፣ አራት ሜትር ያህል ከፍታ ያለው፣ አምስት በሮች ያሉት ግንብ በዚያ ፍርሃት መሐል የተሠራ ነው። በየበሩ ሲመሽ ይዘጋ ነበር። ከግንቡ ሥር ግን ትናንሽ ቀዳዳዎች አሉ። የዝናብ ጎርፍ በእነሱ ይወጣል፤ ጅብ በእነሱ ይገባል።

እኔን ያስደነቀኝ ይሄ ነው። ሰውን ለማስቀረት የተሠራ ግንብ ጅብን አላስቀረም!

ሰውማ ይቀር ነበር። እንግሊዛዊው ሪቻርድ በርተን በጥር 1855 ሐረር ሲደርስ መንገዱን የመጣው እንደ አረብ ነጋዴ ለብሶ ነበር፤ በሩ ላይ ግን እንግሊዛዊነቱን ገልጦ ገባ። ውስጥ የቆየው አሥር ቀን ያህል ነው፤ አብዛኛውንም ያሳለፈው «ያስወጡኝ ይሆን?» እያለ ነው። የመጀመሪያው ፈረንጅ የገባ ቀን ከተማዋ ትወድቃለች የሚል ትንቢት እንደነበር የጻፈውም ራሱ ነው። ትንቢቱ ሃያ ዓመት ዘገየ እንጂ አልቀረም፦ በ1875 የግብፅ ጦር በራዑፍ ፓሻ መሪነት ገባ፤ አሚሩም ተገደሉ። ግብፆች በ1885 ለቀው ወጡ። የመጨረሻው አሚር አብዱላሂ ሁለት ዓመት እንኳ ሳይሞላቸው በጥር 1887 ጨለንቆ ላይ በምኒልክ ጦር ተሸነፉ። ይህን ሁሉ ጅቡ ከቀዳዳው ሥር ሆኖ አሳልፎታል።

ከዚያ ደግሞ ራምቦ አለ። ፈረንሳዊው ገጣሚ በ1880 መጨረሻ የመጣው ግጥም እርግፍ አድርጎ ትቶ፣ የንግድ ድርጅት ተቀጣሪ ሆኖ ነው። (ዛሬ በስሙ የሚጠራው ውብ ቤት ውስጥ አልኖረም፤ ቤቱ የተሠራው ከሞተ በኋላ ነው። ቢሆንም ግቡ፤ ፎቶዎቹ ብቻ ዋጋ አላቸው።) ለቤተሰቡ በሚጽፋቸው ደብዳቤዎች ደጋግሞ የሚያማርረው መሰልቸትን ነው። ቀኑ አይሄድም፣ የሚያወራው ሰው የለም፣ የሚነበብ የለም። እኛ ታዲያ ያንኑ መሰልቸት ፍለጋ ገንዘብ ከፍለን መጣን።

ይህን ሳስብ አፈርኩ። ምክንያቱም ሐረር «ቀስ ብላ የምትኖር» ከተማ ሆና አልተፈጠረችም። የራሷን ገንዘብ የምታትም፣ ወደ ዘይላና በርበራ ቅፍለት የምትልክ የንግድ ማዕከል ነበረች። ባቡሩ በ1902 ዲሬዳዋ ሲደርስ ግን ሽቅብ ተራራውን አልወጣም፤ ሃምሳ ኪሎ ሜትር ያህል ታች ቀረ። ንግዱም አብሮት ወረደ። እኛ «እንዴት ደስ የሚል እርጋታ!» የምንለው ነገር በከፊል የቀረ ባቡር ነው። የእርጋታውም ነገር ቢሆን የእንግዳ ዓይን ነው፤ መኪና ግርግር ላይ ከመንገዱ ዳር የልብስ ስፌት መኪናቸውን ከጠዋት እስከ ማታ የሚያንጫጩትን ልብስ ሰፊዎች ስለ እርጋታ ጠይቋቸው።

ዝሆኑን አላየንም። ባቢሌ ሄደን ለውዝ ገዝተን ተመለስን። የባቢሌ የዝሆን መጠለያ በ1970 ሲቋቋም ሰባት ሺህ ካሬ ኪሎ ሜትር የሚጠጋ ስፋት ተሰጥቶት ነበር፤ ኤረርና ጎበሌ ሸለቆዎች ውስጥ ያሉት ዝሆኖች ዛሬ እርሻው፣ ሰፈራውና ከሰሉ ከየአቅጣጫው ገብቶባቸዋል። ገበሬው በሌሊት በቆሎው ሲረገጥበት ምን ይበል? ዝሆኑስ የት ይሂድ? የሐሮማያ ሐይቅም እንዲሁ በ2000ዎቹ አጋማሽ ለከተማ ውኃና ለጫት መስኖ እየተቀዳ፣ በደለል እየተሞላ ደርቆ ነበር፤ ከዓመታት በኋላ ውኃው መመለሱን ስናልፍ በዓይናችን አይተናል። ለጅቡ ቀዳዳ የተወ ሰው አለ። ለዝሆኑ ቀዳዳ የሚተወው ማን እንደሆነ ግን የጠየቅኩት ሁሉ ወደ ሌላ ሰው ነው የጠቆመኝ።

ጅቡም ቢሆን ቀዳዳውን በነጻ አላገኘም። እንደሚተረከው በአንድ የረሀብ ዘመን ጅቦች ሰው መብላት ጀምረው፣ ከተማው ገንፎ አገንፍቶ ነው የታረቃቸው። ዛሬም በዓሹራ ሌሊት ቅቤ የገባበት ገንፎ ይቀርብላቸዋል። ደህና አድርገው ከበሉ ዓመቱ የጥጋብ ነው፤ ሳይነኩት ከሄዱ ግን ያሳስባል። ይህ ትርኢት አይደለም፤ ካሜራ ባይኖርም ይደረጋል።

በመጨረሻው ሌሊት ግንቡ ውስጥ ያረፍንበት ቤት፣ መደቡ ላይ ተኝቼ፣ ከበሩ ውጭ ድንጋይ ላይ የሚሄድ ጥፍር ሰማሁ። ብድግ አልኩ። የቤቱ እመቤት ከወዲያ ክፍል ሆነው፣ እንቅልፍ ባልለቀቀው ድምፅ፣ «ወራባ ነው ልጄ፣ ሥራው ላይ ነው፤ ተኚ» አሉኝ።