ትቢያ የጠበቀው መልክ

በሰው እጅ ከተሠራው ሥራ ጽኑ የሚመስለው ሁሉ አይጸናም፤ ደካማ የሚመስለውም ሁሉ ፈጥኖ አይጠፋም። ለዚህ ነገር ምስክር ከሚሆኑት አንዱ ፓስቴል የሚባለው የሥዕል ጥበብ ነው። ይኸውም ያለ ዘይትና ያለ ቡርሽ፣ በበትር አምሳል በደረቀ ቀለም ወረቀት ላይ የሚሣል ነው። ስሙ ከኢጣልያ ቋንቋ የወጣ ሲሆን ሥሩ ሊጥ ማለት ነው፤ አሠራሩ ከሊጥ ይመሳሰላልና።

ቀለሙን አልመው ይፈጩታል፤ ከነጭ ጠመኔ ጋራ ያዋሕዱታል፤ በቀጭን የሙጫ ውሃ ያቦኩታል፤ ከዚያም በጣት ልክ አድቦልቡለው ያደርቁታል። ሙጫው የበዛ እንደ ሆነ በትሩ ይደነድንና ወረቀቱን ይቧጥጣል እንጂ ቀለም አይሰጥም፤ ያነሰ እንደ ሆነ ደግሞ በጣት መካከል ይፈርሳል። ሠዓሊው እንደ ዘይት ቀለም በገበታ ላይ ሊበጠብጠው ስለማይችል፣ ለደማቁም ለፈዛዛውም ልዩ ልዩ በትር ያሻዋል። ዱቄቱን ይዞ የሚያኖረው ከሁሉ ይልቅ የወረቀቱ ሻካራነት ነው። ስለዚህ እጅ ቢነካው ይደመሰሳል፤ ቢያናውጡትም ይረግፋል።

ይህን ጥበብ ከፍ ወዳለ ማዕርግ ያደረሰችው ሮዛልባ ካሪዬራ የምትባል የቬኔስያ ሴት ናት። የተወለደችው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1673 ዓመት ነው፤ ከዚህ በታች የሚነገረውም ዘመን ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ነው። እናቷ ዳንቴል ሠሪ ነበረች። ሮዛልባ በመዠመሪያ በሱረት መያዣ ክዳን ላይና በዝሆን ጥርስ ላይ ጥቃቅን መልኮችን ትሥል ነበር። ኋላ ግን ወደ ፓስቴል ተመልሳ የሰውን ፊት መሣል ያዘች። የቀለሙ ልስላሴ የገላን ለዛና የዳንቴልን ስስነት ለማሳየት የተመቸ ሆነላት። ደግሞም ቀለሙ እስኪደርቅ መጠበቅ ስለማያስፈልግ፣ ለመሣል የተቀመጠው ሰው ብዙ አይደክምም ነበር።

በ1720 ዓመት ክሮዛ የሚባል ባለጸጋ ጋብዟት ወደ ፓሪስ ሄደች፤ የ10 ዓመት ሕፃን የነበረውን ንጉሥ ሉዊ 15ኛንም ሣለች። ሴቶች እጅግ በጥቂቱ ይገቡበት የነበረው የፈረንሳይ የንጉሥ የሥዕል አካዳሚም በዚሁ ዓመት አባል አድርጎ ተቀበላት። ከዚያ ወዲህ በፈረንሳይ የፓስቴል ሥዕል ክብሩ ከፍ አለ፤ ወዳጁም በዛ። ሰፊ ጠፍጣፋ መስተዋት መሥራት አስቀድሞ በዚያ አገር ተለምዶ ስለነበረ፣ ይህን በቀላሉ የሚረግፍ ሥዕል በመስተዋት ከድኖ ማኖር ተችሏል።

ከእርሷ በኋላ የተነሣው ሞሪስ ካንተን ደ ላቱር በዚህ ጥበብ እጅግ ስመ ጥር ሆነ። በ1755 ዓመት ለሕዝብ የታየው የማዳም ደ ፖምፓዱር ሥዕል ብዙ ወረቀት ተጋጥሞ የተሠራ ነው፤ ቁመቱም ከ1 ሜትር ተኩል ያልፋል። ላቱር ግን አንድ አሳብ ያስጨንቀው ነበር፤ ይኸውም ዱቄቱን እንዳይረግፍ አድርጎ ማጽናት ነው። ነገር ግን የሚያጸናው ፈሳሽ በሥዕሉ ላይ ሲፈስ ዱቄቱን ያረጥበዋል፤ የረጠበውም ዱቄት እርስ በርሱ ሲጣበቅ የነበረው ብርሃን ይደበዝዛል። ጽናት ሲፈልጉ ውበት ያመልጣል። ላቱር በእርጅናው ዘመን የቀድሞ ሥራዎቹን አሻሽላለሁ ብሎ ሲነካካ ከእነርሱ አንዳንዶቹን አበላሸ።

የሮዛልባ መጨረሻ ከዚህ ይልቅ ያሳዝናል። በሥራዋ ትረዳት የነበረች እኅቷ ጆቫና ቀድማት ሞተች። ከዚህ በኋላ ዐይኖቿን ሞራ ጋረዳቸው፤ ሐኪም ቢያክማትም ብርሃኑ አልዘለቀላትም። የነገሥታትን ዐይን በቀለም ታበራ የነበረች ሴት የገዛ ዐይኗ ጠፍቶ በ1757 ዓመት በቬኔስያ ዐረፈች።

ሥዕሎቿ ግን አሉ። የሳክሶኒያ መስፍንና የፖላንድ ንጉሥ የነበረው አውጉስጦስ 3ኛ ሥራዋን አጥብቆ ይወድ ስለነበረ ብዙ ሰብስቦ አኖረ፤ ዛሬም በድሬስደን ከተማ በሥዕል ቤት ከ70 የሚበልጡ ይገኛሉ። በ1945 ዓመት ከተማዪቱ በጦርነት ስትቃጠል እነዚህ ከጥፋት ተርፈዋል። የዘይት ሥዕል ዘመን ሲቈጠርበት ይወይባል፤ ይሰነጠቃልም። በፓስቴል ውስጥ ግን ዘይት ስለሌለ የሮዛልባ ሰዎች ጉንጫቸው ትናንት የተሣለ ይመስላል። የሚጠብቃቸው ከፊታቸው ያለው መስተዋት፣ ቀለሙ እንዳይገረጣ በለዘብታ የሚበራው መብራት፣ ከቦታ ወደ ቦታ ሲያዛውራቸው የሚጠነቀቀው የሰው እጅ ነው። ላቱር ትቢያውን በፈሳሽ ሊያጸናው ፈለገ፤ ጸንቶ የተገኘው ግን ደካማነቱ ታውቆ የተጠበቀው ነው። ሠዓሊቱ ያጣችውን ብርሃን ሥዕሎቿ እስከ ዛሬ ይዘውት ይኖራሉ።