የገዳይ ዕዳ ለማን ነው? ደም፥ ግዞትና የሞት ቅጣት በኢትዮጵያ የፍርድ ታሪክ

በቀድሞው የኢትዮጵያ የፍርድ ሥርዐት ነፍስ በመግደል የተከሰሰ ሰው ተመስክሮበት ከተፈረደበት በኋላ የዳኛው የመጨረሻ ተግባር ገዳዩን መቅጣት አልነበረም፤ ገዳዩን ለሟቹ ዘመዶች አሳልፎ መስጠት ነበረ። ከዚያ ወዲያ ያለው ምርጫ የእነርሱ ነው። ቢሹ ሟቹ በሞተበት ዐይነት መሣሪያ፥ በጦር የገደለውን በጦር፥ በጥይት የገደለውን በጥይት ይገድሉታል፤ ቢሹ የደም ዋጋ ተቀብለው ይለቁታል፤ ቢሹም ስለ እግዚአብሔር ብለው ይምሩታል። በ18ኛውና በ19ኛው መቶ ዓመት አገራችንን የጐበኙ የውጭ አገር ሰዎች ይህን ልማድ በመደነቅ፥ አንዳንዴም በመጸየፍ ጽፈውታል። መጸየፋቸው ግን በሚገባ የታሰበበት አይመስለኝም፤ ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ በጐንደር የቈዳ መግፈፍንና የዐይን ማውጣትን ቅጣት አይቶ ሲሰቀጥጥ፥ በዚያው ዘመን በገዛ አገሩ በብሪታንያ ስለ ጥቂት ሽልንግ ስርቆት ሰው በገመድ ይሰቀል ነበረ።

የአውሮፓ ሊቃውንት ስለ ሞት ቅጣት የሚያደርጉት ክርክር ዘወትር የሚነሣው ኢጣልያዊው ቤካሪያ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1764 ስለ ወንጀልና ስለ ቅጣት ካሳተመው መጽሐፍ ነው። ቤካሪያ የሞት ቅጣት አያስፈልግም፥ አይጠቅምምም፤ ሰውን የሚያስፈራው የአንድ ቀን ሞት ሳይሆን የዕድሜ ልክ ባርነት ነው ይላል። የቱስካና መስፍን ሌዎፖልድ ይህን አሳብ ተቀብሎ በ1786 የሞትን ቅጣት ከሕጉ ሠረዘ። እንግሊዝ ደግሞ ከ1788 እስከ 1868 ድረስ 160 ሺህ ያህል ወንጀለኞች ወደ አውስትራሊያ አጋዘች። ያም ሆነ ይህ በክርክሩ ውስጥ የሚታዩት ሁለት ወገኖች ብቻ ናቸው፤ በአንድ በኩል መንግሥት፥ በሌላው በኩል ወንጀለኛ። በባዕድ አገር ስማር ሳለሁ የሕግ ታሪክ የሚያስተምሩን አዛውንት የቅጣትን ዓላማዎች በሰሌዳ ላይ ከዘረዘሩ በኋላ አንድ ጓደኛችን የሟቹ እናት በየትኛው መስመር ላይ እንደምትገኝ ጠየቀ። መምህሩ ጥቂት ዝም ብለው በምስክርነት ልትጠራ ትችላለች አሉ። ለዚህ ጽሑፍ መነሻ የሆነችኝ ያች መልስ ናት።

የአማርኛ ቋንቋ ራሱ የጥንቱን አሳብ ጠብቆ ይዟል። የሟቹ ዘመድ ባለ ደም ይባላል፤ ገንዘብ ያበደረ ባለ ገንዘብ እንደሚባል ማለት ነው። ተበቃዩ ደም መላሽ ነው፤ ሄዶ የቀረውን ነገር ወደ ቦታው እንደሚመልስ ሰው ይቈጠራል። ደመኛ የሚለው ቃል ደግሞ ለገዳዩም ለባለ ደሙም እኩል ያገለግላል፤ አንዱ ለሌላው ደመኛው ነውና። ዕርቅ ሲፈጸም ደም ደረቀ ይባላል። ከነዚህ ቃላት ሁሉ አንዱም ኃጢአትን ወይም ሕግ መተላለፍን የሚያመለክት አይደለም። ሁሉም የሚናገሩት በሁለት ቤቶች መካከል ስላለ ዕዳ ነው። ዕዳ ከሆነም ሊያስከፍል፥ ሊቀንስ፥ ሊተው የሚችለው ባለ ገንዘቡ ብቻ ነው። ንጉሡ የዕዳው አስከፋይ እንጂ ባለቤት አልነበረም።

እንግሊዛዊው ማንስፊልድ ፓርኪንስ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1853 ባሳተመው የጕዞ መጽሐፉ የሚከተለውን ታሪክ ይተርካል። ሁለት ልጆች የዱር ፍሬ ሊለቅሙ ሄደው አንዱ ከዛፍ ላይ ወድቆ በታች የቆመውን ይገድለዋል። የሟቹ ዘመዶች ደማችንን ብለው ይከሳሉ። ዳኛውም የሞተው ልጅ ወንድም በዚያው ዛፍ ላይ ወጥቶ ገዳዩ ላይ እስኪሞት ድረስ ይውደቅበት ብሎ ይፈርዳል። እናትየዋ ሁለተኛ ልጇን እንዳታጣ ፈርታ ነገሩን ተወችው። ይህን የሚመስል ተረት በሌሎች የምሥራቅ አገሮችም ስለሚነገር በእውነት የተደረገ ነው ብሎ መከራከር አያስፈልግም። ትልቁ ቁም ነገር ዳኛው የባለ ደሞቹን መብት ፈጽሞ አለመንካቱ ነው። አትገድሉም አላላቸውም፤ የሚገድሉበትን መንገድ እስኪተዉት ድረስ አከበደባቸው። የአገራችን ሽማግሌዎች የዕርቅ ጥበብ በአብዛኛው በዚህ ላይ የተመሠረተ ነው።

ገዳዩ በበኩሉ ጊዜ ለማግኘት ይሸሻል። በጐንደር የዕጨጌው ሰፈር ዕጨጌ ቤት፥ በትግራይም አክሱም የታወቁ መማጸኛዎች ነበሩ። ወደነዚህ የገባ ሰው እስኪታረቅ ድረስ አይነካም። ከዚያ በኋላ ካህናትና ሽማግሌዎች ይላካሉ፤ ባለ ደሞቹ አንድ ሁለት ጊዜ ይመልሷቸዋል፤ ቶሎ መቀበል ለሟቹ ክብር አይደለምና። በመጨረሻም ገዳዩ ድንጋይ ተሸክሞ ከፊታቸው ይወድቃል፤ ጉማውም ይቈረጣል። ጉማውን ከቤቱ ለመክፈል የማይችል ድኻ በሰንሰለት ከሟቹ ዘመድ ጋራ ተቈራኝቶ በየገበያውና በየቤተ ክርስቲያኑ ደጅ እየለመነ ያጠራቅም ነበረ። ልማዱን ከሚገባው በላይ የሚያመሰግኑ ሰዎች ይህን ሥዕል ሊዘነጉት አይገባም፤ ባለጸጋው ወገን በአንድ ሳምንት የሚጨርሰውን ዕዳ ድኻው በሰንሰለት ታስሮ ለወራት ይጐትተዋል። ወገን የሌለው ሟች፥ ባሪያ ወይም እንግዳ እንደ ሆነም ደሙን የሚጠይቅለት አይገኝም፤ ባለ ደም በሌለበት ዕዳም የለም። እንደኔ አስተያየት የጥንቱ ሥርዐት ትልቁ ጕድለት ጭካኔው ሳይሆን ይህ ነው።

ፍትሐ ነገሥት በዚህ ላይ የመጣ ሌላ ንብርብር ነው። መጽሐፉን በ13ኛው መቶ ዓመት በዐረብኛ ያዘጋጀው ግብጻዊው ክርስቲያን አስሳፊ ኢብን አል ዐሳል ሲሆን፥ ሥጋዊው ክፍሉ በአብዛኛው ከሮማና ከቢዛንታውያን ነገሥታት ሕግ የተቀዳ ነው። ሆን ብሎ የገደለውን ሳያስብ ከገደለው ይለያል፤ ቅጣቱንም የሚያየው በእግዚአብሔርና በንጉሥ ሥልጣን እንጂ በዘመድ ዕዳ ብቻ አይደለም። በዙፋን ችሎት ሊቃውንቱ መጽሐፉን እየጠቀሱ ይፈርዳሉ፤ ፍርዱ ሲፈጸም ግን ሰውየው ለባለ ደሞቹ ይሰጣል። ሁለቱ አሳቦች ሳይዋሐዱ ጐን ለጐን ለብዙ ዘመን ኖሩ።

ግዞት ከዚህ ሁሉ የተለየ ታሪክ አለው። ተራው ነፍሰ ገዳይ በፍርድ አይጋዝም ነበር፤ ራሱ አገሩን ጥሎ ይሰደዳል፥ ወይም ይሸፍታል። በኦሪት ዘፍጥረት የቃየን ቅጣት ሞት ሳይሆን መንከራተት መሆኑን፥ ማንም እንዳይገድለውም ምልክት እንደ ተደረገበት ካህናቱ እያነበቡ ሲያስተምሩ፥ ሕዝቡ የሚያስበው በበረሃ የሚኖረውን ዘመዱን ይመስለኛል። የንጉሥ ግዞት ግን የመሳፍንትና የመኳንንት ቅጣት ነበረ። ግሼን የኢማም አሕመድ ዘመቻ እስካፈረሰው ድረስ፥ ከዐፄ ፋሲለደስ በኋላም ወኅኒ አምባ፥ ወንጀል ያልሠሩ የነገሥታት ልጆች መጠበቂያ ሆነው ቈዩ። በሸዋ የንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመዶች በጐንቾ ታስረው ኖረው በ1830ዎቹ የእንግሊዝ መልእክተኛ ሃሪስ ባቀረበው ልመና ተፈቱ። ዐፄ ቴዎድሮስ እስረኞቻቸውን መቅደላ ላይ አኖሩ። የዚህ ዐይነቱ ግዞት ታላቅ ምሳሌ ልጅ ኢያሱ ናቸው። በ1909 ዓ. ም. ከሥልጣን ወርደው፥ በ1913 ተይዘው ፍቼ ተቀመጡ፤ በ1924 ቢያመልጡም ተመልሰው ተይዘው ወደ ሐረርጌ ወደ ጋራ ሙለታ ተወሰዱ፤ በኅዳር ወር 1928 ዓ. ም. በዚያው ግዞት ሳሉ ዐረፉ።

ነገሥታቱ ለምን አጋዙ እንጂ አልገደሉም? ርኅራኄ አንዱ ምክንያት ሊሆን ይችላል፤ መለኮታዊ ፍርሃትም እንዲሁ። እኔ ግን ዋናውን ምክንያት በዚያው በደም ሕግ ውስጥ አገኘዋለሁ። ንጉሥ ራሱ ከደም ዕዳ ነፃ አልነበረም። የአንድ ትልቅ ቤት ልጅ በንጉሥ ትእዛዝ ቢገደል ወንድሞቹና አሽከሮቹ ሁሉ ደም መላሾች ይሆናሉ። በአምባ ላይ ቢቀመጥ ግን ዘመዶቹ ይለምናሉ፤ የሚለምን ሰው ደግሞ አይሸፍትም። አምባው እስረኛውን ብቻ ሳይሆን ወገኑንም ያስር ነበረ።

ይህ ሚዛን የተለወጠው በ20ኛው መቶ ዓመት ነው። በ1923 ዓ. ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ታወጀ። ከጠላት ወረራ በኋላ በ1934 የወጣው የፍርድ አስተዳደር ዐዋጅ ማንኛውም የሞት ፍርድ በንጉሠ ነገሥቱ ሳይጸና እንዳይፈጸም ደነገገ። ሐምሌ 16 ቀን 1949 ዓ. ም. ታውጆ ሚያዝያ 27 ቀን 1950 በሥራ ላይ የዋለው፥ የስዊሱ ሊቅ ዣን ግራቨን ያረቀቁት የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ሥራውን ፈጸመው። ከባድ ነፍስ ግድያ ዕድሜ ልክ እስራትን ወይም ሞትን የሚያስከትል ሆነ፤ የሟች ቤተ ሰብ በወንጀሉ ክስ ውስጥ ካሳ እንዲጠይቅ ተፈቀደለት፤ ከሞትና ከምሕረት የመምረጥ መብቱ ግን ቀረ። ባለ ደም የነበረው ሰው የግል ተበዳይ ተባለ።

ለድኻው፥ ለእንግዳውና ወገን ለሌለው ሟች ይህ ለውጥ ትልቅ ማሻሻል ነው፤ ደሙን የሚጠይቅለት ዐቃቤ ሕግ አግኝቷልና። ዳሩ ግን የመግደል ሥልጣን ከብዙ ቤቶች ወጥቶ በአንድ እጅ ሲሰበሰብ ለሌላ ተግባር መዋሉም አልቀረም። በ1937 ዓ. ም. በላይ ዘለቀ፥ መጋቢት 21 ቀን 1953 ዓ. ም. ጄኔራል መንግሥቱ ንዋይ በአደባባይ ተሰቀሉ። በቀድሞው ልማድ ቢሆን ምናልባት አምባ ላይ የሚቀመጡ ሰዎች ነበሩ። ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ. ም. ሌሊት ደርግ ስድሳ ሰዎች ያህል ያለ ፍርድ ቤት ሲገድል፥ አስከፋይ የነበረው መንግሥት ራሱ ትልቁ ባለ ዕዳ ሆነ።

በገጠር ግን የጥንቱ ሒሳብ አልተዘጋም። ነፍስ ገድሎ ዐሥርና ዐሥራ አምስት ዓመት ታስሮ የተፈታ ሰው ሽማግሌ ሳይልክ ወደ መንደሩ ቢመለስ ይገደላል፤ የመንግሥትን ዕዳ ከፈለ እንጂ የባለ ደሞቹን አልከፈለምና። ዳኞቻችን ይህን ሁለተኛ ወንጀል ኋላ ቀርነት ብለው ይቀጡታል። የእስራት ዘመኑ ሲቈጠር ዕርቁም አብሮ እንዲጀመር የሚያስገድድ ሥርዐት ቢኖር ከብዙዎቹ ግድያዎች ጥቂቶቹን ባስቀረ ነበር፤ ይህ ከሕግ ሊቅ ይልቅ የገጠሩ ሽማግሌ የሚያውቀው ነገር ነው።

ግንቦት 1 ቀን 1997 ዓ. ም. ሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግ የሞትን ቅጣት ጠብቆታል፤ ርእሰ ብሔሩ ሳያጸናው እንዳይፈጸም፥ በአደባባይ በመስቀልም እንዳይሆን ከልክሏል። በይፋ የታወቀው የመጨረሻው የሞት ቅጣት የተፈጸመው በ1999 ዓ. ም. ነው። በ2003 ዓ. ም. ደግሞ በሞት የተፈረደባቸው 23 የደርግ ባለ ሥልጣናት ቅጣታቸው ወደ ዕድሜ ልክ እስራት ተለወጠ። አስቀድሞ የሃይማኖት አባቶች ስለ እነርሱ ምሕረት ለምነው ነበር፤ እንደ ጥንቱ ሽማግሌ ማለት ነው። ልመናው የቀረበው ለመንግሥት ነው፤ የመለሰውም መንግሥት ነው። ከሟቾቹ ቤተ ሰቦች ብዙዎቹ ዜናውን የሰሙት እንደ ማንኛውም ሰው በየቤታቸው ተቀምጠው ነበር።