የፊደል ምስክርነትና ወሰኑ፦ የጦርነት ዘመን ምልክቶች በዶካና በገላባት መስመር

ከገዳሪፍ ወደ ገላባት በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኘው ዶካ፣ በ1933 ዓ.ም. የሱዳን መከላከያ ኃይል፣ የእንግሊዝና የሕንድ ወታደሮች እንዲሁም የኢትዮጵያ አርበኞች በተንቀሳቀሱበት የጦር ቀጠና ውስጥ ነበረች። ስለዚህ ከዚያ ዘመን የተረፈ ነው የሚባል የጦር ምልክት የዐረብኛ፣ የላቲን ወይም የግእዝ ፊደል ሊኖረው ይችላል። እውነተኛውን ከሐሰተኛው ለመለየትም ጽሑፉ ቀዳሚ ምስክር ይመስላል።

ምስክርነቱ ግን ወሰን አለው። በዘውዱ መሪ ቃል መነሻ ያለው ግስ በግእዝ «ሞአ» ነው፤ በ«ዐ» ተጽፎም ይገኛል። በአማርኛ የሁለቱ ፊደላት ድምፅ አንድ ስለሆነ፣ የአጻጻፍ ልዩነት ብቻውን ምልክቱን ሐሰተኛ አያሰኝም። የዓመቱ ቍጥር የበለጠ ይናገራል፦ የድሉን ዓመት ፲፱፻፴፫ በማለት ፈንታ ፲፱፻፵፩ ብሎ በግእዝ አኃዝ የሚያሳይ ቅርጽ የአውሮፓን አቈጣጠር እንደወሰደ ያሳያልና ጥርጣሬ ይጭራል።

ፍርዱን የሚያጸናው ብረቱ ነው። ከእውነተኛው ላይ ሻጋታ ተወስዶ የቀለጠ ብረት የፈሰሰበት ቅጂ በመጠን ጥቂት ያንሳል፤ የፊደሉ ጠርዝ ይደነዝዛል፤ ጥቃቅን ቀዳዳዎችም ይታዩበታል። እንዲህ ያለ ቅጂ የዋናውን ሆሄ እንዳለ ስለሚወርስ የጽሑፉ ትክክለኛነት ዋስትና አይሆንም። በአንጻሩ በሆሄ ብቻ የሚፈርድ ሰብሳቢ፣ የዘመኑን ሰዎች የአጻጻፍ ልማድ የያዘ እውነተኛ ማስረጃ ሊጥል ይችላል።