ኮራጅ ወይስ ተማሪ? የእኛን ዜማ ይዘው ዓለምን የዞሩት ባንዶች



ሰሞኑን ያስተማርኩት አንድ ልጅ ቪዲዮ ላከልኝ። አምስት ፈረንጆች የእኛን የድሮ ዜማ ይጫወታሉ። ከስሩ «ቲቸር፣ እነዚህ ሰዎች እኮ ኮረጁን!» ብሎ ጽፎበታል። መምህር ስለሆንኩ «ኩረጃ» የምትለዋን ቃል ዝም ብዬ አላልፋትም። መልሱን ለእሱ ብቻ ከምልክለት ለሁላችሁም ይሁን ብዬ ነው። ረዘም ይላል፣ ቡና ይዛችሁ አንብቡት። (ዓመቶቹ በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።)

በመጀመሪያ ክሱ ከተከፈተ ቀድመን ችሎት የምንቀርበው እኛው ነን። በ1924 ራስ ተፈሪ ኢየሩሳሌም ሄደው የአርመን ወላጅ አልባ ልጆች የማርሽ ባንድ ሲጫወት ሰሙ፤ ወደዱት፤ ልጆቹን አዲስ አበባ አስመጧቸው። «አርባ ልጆች» የምንላቸው እነሱ ናቸው። ከዚያ የክብር ዘበኛው፣ የፖሊሱ፣ የማዘጋጃ ቤቱ ባንድ እያለ ጥሩምባና ሳክስፎን የእኛ ሆነ። በ1960ዎቹ ደግሞ አስመራ የነበረው የአሜሪካኖች ቃኘው ጣቢያ ሮክና ሶል በሬዲዮ ያሰማ ነበር። የአዲስ አበባ ወጣትም ጸጉሩን እንደ ኤልቪስ እያበጠረ መድረክ ይወጣ ጀመር። ዓለማየሁ እሸቴን «የሐበሻ ኤልቪስ» ያሰኘው ይሄ ነው።

ታዲያ ዓለማየሁ ኮራጅ ነበር? ሲጀምር በኤልቪስ ዘፈን ነው የጀመረው። ግን እዚያ አልቀረም። በ1969 አምሃ እሸቴ የሚባል ወጣት ነጋዴ ሸክላ የማሳተም መብት በመንግሥት እጅ ብቻ በነበረበት ጊዜ ደፍሮ የራሱን ማሳተሚያ ከፈተ። ከመጀመሪያዎቹ ዘፋኞቹ አንዱ ዓለማየሁ ነበር። ከዓለማየሁ ጀርባ ደግሞ ፒያኖ የሚጫወት፣ ግጥም የሚጽፍ፣ ዜማ የሚያቀናብር አንድ ሰው ነበር፦ ግርማ በየነ። ግርማ በራሱ ድምፅ ያስቀረጻቸው ዘፈኖች በጣት የሚቆጠሩ ናቸው፤ ለሌሎች ያቀናበራቸው ግን ብዙ ናቸው። ስሙን ያዙልኝ፣ ኋላ እንመለስበታለን።

ከዚያ አብዮቱ መጣ። ሰዓት እላፊ ታወጀ፤ የሌሊቱ አዲስ አበባ ተዘጋ። አምሃ በ1975 አገር ለቆ ወጣ። የቀሩት ባንዶች ትልልቅ ሆቴሎች ውስጥ ተጠለሉ። ዋልያስ ባንድ ሂልተን ሆቴል ለዓመታት ተጫውቷል፤ በ1977 ያወጣው አልበም ላይ «ሙዚቃዊ ስልት» የተባለው ሙዚቃ አለ፤ ዛሬ ዓለም ላይ ደጋግመው ከሚጫወቷቸው የእኛ ሥራዎች አንዱ ነው። በ1981 ዋልያስ አሜሪካ ለጉብኝት ሄደ። ጉብኝቱ ሲያልቅ ግማሾቹ ተመለሱ፣ ግማሾቹ እዚያው ቀሩ። ኃይሉ መርጊያ ዋሽንግተን ውስጥ ታክሲ ነዳ። ግርማ በየነ ነዳጅ ማደያ ሠራ፤ ሙዚቃውንም ተወው። አስቡት፣ የዓለማየሁን ዘፈን ያቀናበረ እጅ ለመንገደኛ መኪና ነዳጅ ሲቀዳ!

ፈረንጆቹ የሚገቡት እዚህ ላይ ነው። በ1984 ፍራንሲስ ፋልሴቶ የሚባል ፈረንሳዊ የማህሙድ አህመድን «ኧረ መላ መላ» ሸክላ ሰማና ደነገጠ። በዓመቱ አዲስ አበባ ገባ። በ1986 ያ አልበም አውሮፓ ውስጥ ታተመ፤ በ1997 ደግሞ «ኢትዮፒክስ» የተባለው ተከታታይ የሲዲ ሕትመት ተጀመረ። እኛ «ያረጀ ነው» ብለን ካሴቱን ለልጅ መጫወቻ በሰጠንበት ዘመን ማለት ነው።

ሲዲ ግን ሲዲ ነው፤ ያዳምጡታል እንጂ አይነካም። ሙዚቃውን ቁጭ ብለው በጆሯቸው እየለቀሙ ያጠኑት ባንዶች ናቸው።

የመጀመሪያው የቦስተኑ ኢይዘር ኦርኬስትራ ነው፤ በራስ ገርሾን የሚመራ የጃዝ ባንድ። የእኛን የድሮ ዘፈኖች በሲዲ ሰምተው እያጠኑ መጫወት ጀመሩ። በጥር 2004 አዲስ አበባ ተጋበዙ። ዱክ ኤሊንግተን በ1973 ከመጣ ወዲህ ያን ያህል ትልቅ የአሜሪካ ባንድ አልመጣም ነበር። መድረኩ ላይ ሙላቱ አስታጥቄ፣ ጌታቸው መኩሪያ፣ ባህታ ገብረሕይወት አብረዋቸው ተጫወቱ። ቅጂው በኢትዮፒክስ 20ኛ ቁጥር ታትሟል።

ሁለተኛው ለሮክ ወዳጆች ነው። ዘ ኤክስ በ1979 የተመሠረተ የኔዘርላንድ ፓንክ ሮክ ባንድ ነው፤ ጊታሩ የሚያፏጭ፣ ከበሮው የሚደበድብ። በ2002 እና በ2004 አገራችንን እየዞሩ ተጫውተዋል። በ2004 የሃያ አምስተኛ ዓመት በዓላቸውን አምስተርዳም ላይ ሲያከብሩ ጌታቸው መኩሪያን ጋበዙ። ጌታቸውን የማታውቁት ካላችሁ፦ ሽለላን፣ ያንን የጦር ሜዳ ፉከራ፣ ከሰው ጉሮሮ አውጥቶ ሳክስፎን ውስጥ የከተተ ሰው ነው። ያኔ ወደ ሰባ እየተጠጋ ነበር። እነዚያን የሚጮሁ ፓንኮች ሲሰማ ምን ያደርጋል ብላችሁ ትጠብቃላችሁ? «የሚቀጥለውን አልበሜን እናንተ አጅቡኝ» አላቸው። ልብ በሉ፣ የጠየቀው እሱ ነው። ዘፈኖቹን እሱ መረጠ፣ እነሱ አጠኑ፣ በ2006 «ሞኣ አንበሳ» ወጣ። ከዚያ አዛውንቱ በአንበሳ ጎፈር ካባው ከእነሱ ጋር አውሮፓን ዞረ። በ2012 ሁለተኛ አልበም አብረው አወጡ፤ ጌታቸው በ2016 አረፈ።

በነሐሴ 2008 ኒውዮርክ፣ ሊንከን ሴንተር ደጅ ላይ አንድ ምሽት ነበር። ማህሙድ አህመድና ዓለማየሁ እሸቴ በኢይዘር ኦርኬስትራ ታጅበው፣ ጌታቸው መኩሪያ ከዘ ኤክስ ጋር፣ ሁሉም በአንድ መድረክ። «የሐበሻ ኤልቪስ» በኤልቪስ አገር፣ የእሱን ዘፈን ባጠኑ አሜሪካውያን ታጅቦ ሲዘፍን! ኩረጃ ከሆነ ዞሮ ዞሮ ቤቱ ገባ ማለት ነው።

የእኛም ልጆች አሉ። ሱዳን ውስጥ ተወልዶ አሜሪካ ያደገው ሳክስፎኒስት ዳኒ መኮንን በ2006 ቦስተን ውስጥ ደቦ ባንድን መሠረተ። አኮርዲዮንና ቫዮሊን ጭምር ያለበት ትልቅ ባንድ ነው፤ ዘፋኙ ብሩክ ተስፋዬ ነው። ስሙ ራሱ ይናገራል፤ ደቦ ለብቻ አይወጣም። በ2009 አዲስ አበባ መጥተው ተጫውተዋል። በስደት ያደገ ልጅ የወላጆቹን ዘፈን ኖታ በኖታ ሲያጠና እኮ የወላጆቹን ቋንቋ እየተማረ ነው።

አሁን ወደ ቪዲዮው። አምስቱ ፈረንጆች አካሌ ውቤ ይባላሉ። በ2008 ፓሪስ ላይ ተመሠረቱ። ስማቸውን የወሰዱት ጌታቸው መኩሪያ በሳክስፎን ከተጫወተው ዜማ ነው፤ ማለትም ገና ስማቸውን ሲጠሩ ከማን እንደተማሩ ይናገራሉ። በ2010 የመጀመሪያ አልበማቸውን አወጡ፣ ሌሎችም ተከተሉ። ከዚያ ነዳጅ ቀጂውን ግርማ በየነን አገኙት። ከሃያ ዓመት በላይ አሜሪካ ኖሮ አዲስ አበባ ተመልሶ ነበር። ፓሪስ ወሰዱት፣ ፒያኖው ጋ አስቀመጡት፣ ማይኩን ሰጡት። በ2017 የኢትዮፒክስ 30ኛ ቁጥር በስሙ ወጣ። ርዕሱ በአማርኛ «ሆን ተብሎ የተሠሩ ስህተቶች» እንደማለት ነው። በወጣትነቱ ጥቂት ዘፈን ብቻ ያስቀረጸ ሰው በስተርጅና ሙሉ አልበም ዘፈነ።

እንግዲህ ፍርዱን እንስጥ። ፈተና ስትፈተኑ ኮራጅን የምይዝበት መንገድ አለኝ፣ ታውቁታላችሁ። መልሱ ትክክል ነው አይደለም አልልም፤ «እንዴት አመጣኸው?» ብቻ ነው የምለው። ያጠና ልጅ መንገዱን ያሳያል። የኮረጀ ጣራ ጣራ ያያል።

ለሙዚቃም ይሠራል። በ1998 ኒውዮርክ ውስጥ ዳክታሪስ በሚል ስም አንድ አልበም ወጣ። «ሙዚቃዊ ስልት»ም አለበት። አልበሙ ግን ድሮ ናይጄሪያ ውስጥ የተቀረጸ ተመስሎ ነበር የተሸጠው። ሲጫወቱ ጎበዞች ናቸው፣ አልክድም። ግን መንገዱን ደበቁ። አካሌ ውቤና ዘ ኤክስ መንገዱን አሳዩ፤ አሳይተውም አልቀሩ፣ ባለቤቱን ፈልገው መሀል ላይ አቆሙት። በእኔ ማረሚያ አንደኛው ኩረጃ ነው፣ ሁለተኛው ትምህርት።

ይሄን ሁሉ የጻፍኩት ስለ ፓሪስ ብዬ አይደለም። እዚህ መቐለ በየሠርጉ የኪሮስ ዓለማየሁን ዘፈን የሚጫወቱ ልጆች አሉ። «የራሳችሁን አትሠሩም እንዴ? ሁሌ የሰው!» እያልን እናሸማቅቃቸዋለን። ኪሮስ ካረፈ (1994) ስንት ዓመቱ! ዛሬም እሱን አሳምሮ የሚጫወት ወጣት መኖሩ ቀላል ነገር አይደለም። በጦርነቱ ከየቤቱ ስንት ካሴት፣ ስንት ፎቶ እንደጠፋ እናንተም ታውቃላችሁ፣ እኔም አውቃለሁ። ካሴት ይዘረፋል፣ ይቃጠላል። ቁጭ ብሎ ያጠናው ሰው ጣት ውስጥ ያለው ዜማ ግን ሰውየው እስካለ አለ። የግርማ በየነ ቅንብር በሸክላ ተርፎ ቆየ፤ ሰዎች አጥንተውት ስለነበር ግን ሰውየውም ተረፈ። የእኛ ግርማ በየነ ማነው? የትኛው ሰፈር ነው ያለው? ጠባቂ ሆኖ ይሆን? ሱቅ ከፍቶ?

ስለዚህ የቤት ሥራ፣ እንደ ድሯችን። ለምታጠኑ ልጆች፦ አንድ ዘፈን ስትለቅሙ የዘፋኙን ስም ብቻ አትያዙ። ክራሩን ማን መታው? ግጥሙን ማን ጻፈው? ማን አቀናበረው? መድረክ ላይ ስትወጡ ስማቸውን ጥሩ። ለሌሎቻችሁ፦ በሰፈራችሁ ድሮ በኪነት ቡድንም ሆነ በሆቴል ባንድ የተጫወተ አባት ወይም እናት ካለች ሂዱና ጠይቁ። ስም፣ መሣሪያ፣ ዘፈን፣ ዓመት፤ አራት ነገር ብቻ። ደብተር ላይ ጻፉት፣ ስልክ ላይ ብቻ አታስቀምጡት። ፈቃደኛ ከሆኑ ደግሞ አንድ ዜማ አጫውቷቸውና ቅረጹ።

ቪዲዮውን ለላክልኝ ልጅ፦ ከአስር ስምንት ሰጥቼሃለሁ። ሁለቱን የቀነስኩት የተጫዋቾቹን ስም ሳትጠይቅ ስለፈረድክ ነው።