የሥራ ቦታ ደህንነት መመሪያ አወጣጥና ጉዳት የደረሰበት ሠራተኛ የሚያገኘው ድጋፍ

የኢትዮጵያ ፌዴራላዊ ዲሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 42 ሠራተኞች ጤናማና አደጋ የማያደርስ የሥራ አካባቢ የማግኘት መብት እንዳላቸው ይደነግጋል። ይህን መብት በተግባር የሚያውለው ዋናው ሕግ የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ነው። የአሠሪና ሠራተኛ ሕግ የማውጣት ሥልጣን በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 55 ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የተሰጠ በመሆኑ አዋጁ በሁሉም ክልሎች ተፈጻሚ ሲሆን፣ በየአካባቢው የሚካሄደውን የሥራ ሁኔታ ቁጥጥር በአብዛኛው የሚያከናውኑት የክልልና የከተማ አስተዳደር ቢሮዎች ናቸው። ኢትዮጵያ በሙያ ደህንነትና ጤንነት ላይ የወጣውን የዓለም ሥራ ድርጅት ስምምነት ቁጥር 155ን በ1983 ዓ.ም. አጽድቃለች። ድርጅቱም በሰኔ ወር 2014 ዓ.ም. ባካሄደው ጉባኤ ደህንነቱና ጤንነቱ የተጠበቀ የሥራ አካባቢን ከመሠረታዊ የሥራ መርሆዎችና መብቶች አንዱ አድርጎ ተቀብሏል።

አዋጁ በአንቀጽ 92 የአሠሪውን ግዴታዎች ይዘረዝራል። አሠሪው ለሠራተኛው የአደጋ መከላከያ መሣሪያና ልብስ የማቅረብ፣ አጠቃቀሙን የማስተማር፣ ስለ ሥራው አደገኛነት የማሳወቅ፣ የደህንነት ሠራተኛ የመመደብና ኮሚቴ የማቋቋም፣ እንደ ሥራው ጠባይ የጤና ምርመራ በራሱ ወጪ የማስደረግ ግዴታ አለበት፤ የኤች አይ ቪ ምርመራ ግን በዚህ ውስጥ አይካተትም። እነዚህ ድንጋጌዎች ግልጽ ቢሆኑም በጠባያቸው ጥቅል ናቸው። በሕንፃ ግንባታ ላይ በርብራብ የሚሠራ ሠራተኛ ከምን ያህል ከፍታ ጀምሮ የደህንነት ቀበቶ እንዲታጠቅ፣ በአበባ እርሻ ፀረ ተባይ ከተረጨ ከስንት ሰዓት በኋላ ሠራተኛ ወደ ቤተ አትክልቱ እንዲገባ፣ በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የጥጥ ብናኝ መጠን እንዴት እንዲለካ አዋጁ በዝርዝር አይናገርም፤ ሊናገርም አይጠበቅበትም። ይህ የመመሪያ ሥራ ነው። አዋጁም ሚኒስቴሩ ስለ ሙያ ደህንነትና ጤንነት፣ ስለ አደገኛ ሥራዎች አመዳደብ እንዲሁም ለሴት ሠራተኞች ጤንነት በተለየ ሁኔታ ጎጂ ስለሆኑ ሥራዎች መመሪያ እንዲያወጣ ሥልጣን ሰጥቶታል። በዚህ ረገድ መንግሥት፣ አሠሪዎችና የሠራተኛ ማኅበራት የሚወከሉበት አማካሪ ቦርድ ሚኒስቴሩን ያማክራል።

መመሪያ የሚወጣበት መንገድ የፌዴራል የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1183/2012 ከወጣ ወዲህ በሕግ የተወሰነ ሆኗል። መመሪያ የሚያወጣ የፌዴራል ተቋም ረቂቁን አዘጋጅቶ ለሕዝብ ማስታወቂያ ማውጣት፣ ረቂቁን ፍላጎት ያለው ሰው ሁሉ ሊያገኘው በሚችል መንገድ ማቅረብ፣ አስተያየት የሚሰጥበትን ጊዜ መወሰንና የቀረበውን አስተያየት መመርመር ይኖርበታል። ረቂቁ ለሕግ አስተያየት ይላካል፤ ይህ ተግባር መጀመሪያ የጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ የነበረ ሲሆን፣ በአዋጅ ቁጥር 1263/2014 ወደ ፍትሕ ሚኒስቴር ተላልፏል። መመሪያው ከጸደቀ በኋላ ተመዝግቦ ቁጥር ይሰጠዋል፤ በድረ ገጽም ይፋ ይደረጋል። ያልተመዘገበና ይፋ ያልሆነ መመሪያ ተፈጻሚነት የለውም። በመሆኑም አንድ አሠሪ ወይም ሠራተኛ «መመሪያ አለ» ሲባል የምዝገባ ቁጥሩን መጠየቁ መብቱ ነው። መመሪያው ከሕግ ውጭ ወጥቷል የሚል ወገንም ጉዳዩን ለፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት የማቅረብ ዕድል አለው።

በአስተያየት መስጫው ጊዜ ብዙ የሚደመጠው የተደራጁ ወገኖች ድምፅ ነው። ማሽኑን በየቀኑ የሚያንቀሳቅሰው ሠራተኛ፣ የፈረቃ ኃላፊው ወይም የአነስተኛ ድርጅት ባለቤት ረቂቁን ሳያየው ጊዜው ሊያልፍ ይችላል። ሆኖም መመሪያውን ይበልጥ የሚያሻሽለው ከሥራው ቦታ የሚመጣ ዝርዝር ነው። «የሠራተኛው ደህንነት ይጠበቅ» የሚል ጥቅል አስተያየት ለአርቃቂው የሚጨምረው ነገር ጥቂት ነው። የመሰንጠቂያ ማሽኑ መሸፈኛ እንጨቱ ሲወፍር ስለማያሠራ እንደሚነሳ፣ የተሰጠው የእጅ ጓንት ለሴት ሠራተኞች እጅ ሰፊ በመሆኑ እንደሚወልቅ የሚገልጽ አንድ ገጽ ጽሑፍ ግን የአንቀጹን አነጋገር ሊያስለውጥ ይችላል። አስተያየት ለመስጠት የሕግ ባለሙያ መሆንም ሆነ ጠበቃ ማቆም አያስፈልግም።

ሌላው የመመሪያ አወጣጥ ምንጭ የአደጋ ምዝገባ ነው። አሠሪው በሥራ ላይ የደረሰን አደጋና በሥራ ምክንያት የመጣን በሽታ መዝግቦ ለሥራ ሁኔታ ቁጥጥር አገልግሎት የማሳወቅ ግዴታ አለበት። በአንዳንድ የሥራ ቦታዎች ጉዳቱ በሽምግልና ወይም በጥቂት ገንዘብ ተዘግቶ ሳይመዘገብ ይቀራል። ይህ ለጊዜው ለሁለቱም ወገን የሚመች ይመስላል፤ ነገር ግን ያልተመዘገበ አደጋ ለመንግሥት እንዳልደረሰ ይቆጠራል። ያ ማሽን፣ ያ ኬሚካል ወይም ያ ርብራብ በሚቀጥለው መመሪያ ውስጥ ትኩረት አያገኝም። ለተጎዳው ሠራተኛ ደግሞ ችግሩ የቀረበ ነው፤ ከወራት በኋላ ሕመሙ ሲጠናበት ጉዳቱ በሥራ ላይ የደረሰ ስለመሆኑ ማስረጃ ያጣል። ስለዚህ ሠራተኛው አደጋው እንደደረሰ ለአሠሪው ማሳወቅ፣ መመዝገቡን ማረጋገጥና የሕክምና ማስረጃውን ቅጂ መያዝ ይገባዋል።

በሥራ ላይ ለሚደርስ ጉዳት አሠሪው ጥፋት ባይኖርበትም ኃላፊ ነው። ጉዳቱ የግድ በፋብሪካው ግቢ ውስጥ መድረስ የለበትም። ሠራተኛው በአሠሪው ትእዛዝ ከሥራ ቦታው ውጭ ሥራ ሲያከናውን፣ ወይም ድርጅቱ ባቀረበው የሠራተኛ ማመላለሻ መኪና ወደ ሥራ ሲሄድና ሲመለስ የሚደርስበት ጉዳትም ይሸፈናል። በአካባቢው የሚገኝ ተላላፊ በሽታ ግን በሥራ ምክንያት እንደመጣ በሽታ አይቆጠርም፤ በሽታውን በመከላከል ሥራ ላይ ብቻ የተሰማሩ ሠራተኞች በልዩ ሁኔታ ይታያሉ።

አሠሪው በመጀመሪያ የመጀመሪያ ዕርዳታ የመስጠትና ተጎጂውን በተገቢ መጓጓዣ በቅርብ ወደሚገኝ የሕክምና ተቋም የማድረስ ግዴታ አለበት። ከዚያም የአጠቃላይና የልዩ ሕክምና፣ የቀዶ ጥገና፣ የሆስፒታልና የመድኃኒት ወጪ እንዲሁም አስፈላጊ ሲሆን የሰው ሠራሽ አካል ወጪ ይሸፈናል። ሠራተኛው ለጊዜው መሥራት ካልቻለ እስከ አንድ ዓመት ድረስ በየጊዜው የሚከፈል ክፍያ ያገኛል፤ ይኸውም በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ሙሉ ደመወዝ፣ በቀጣዮቹ ሦስት ወራት ከ75 በመቶ ያላነሰ፣ በመጨረሻዎቹ ስድስት ወራት ከ50 በመቶ ያላነሰ ነው። ለአብነት ደመወዙ በዓመቱ ውስጥ ያልተለወጠና በወር 6,000 ብር የሆነ ሠራተኛ ለሦስት ወር 6,000 ብር፣ ለሦስት ወር ቢያንስ 4,500 ብር፣ ለስድስት ወር ቢያንስ 3,000 ብር በየወሩ ይከፈለዋል ማለት ነው። ደመወዙ በሕመሙ ምክንያት ከመጀመሪያው ወር የተቆረጠበት ሠራተኛ ይህን ስሌት ይዞ መጠየቅ ይችላል። የኅብረት ስምምነት ካለም ከዚህ የተሻለ ጥቅም ሊያስገኝ ይችላል።

ጉዳቱ ዘላቂ ሲሆን መጠኑን የሚወስነው የሐኪሞች ቦርድ ነው፤ የሠራተኛው ሁኔታ ከተባባሰ ወይም ከተሻሻለ ውሳኔው እንደገና ሊታይ ይችላል። አሠሪው 11 በመቶ፣ ሠራተኛው 7 በመቶ በሚያዋጡበት የግል ድርጅት ሠራተኞች ጡረታ የተሸፈነ ሠራተኛ ጥቅሙን በጡረታ አዋጅ ቁጥር 1268/2014 መሠረት ያገኛል። በጡረታ ሕግ ያልተሸፈነና ሙሉ በሙሉ መሥራት የማይችል ሠራተኛ ግን የዓመት ደመወዙ አምስት እጥፍ በአንድ ጊዜ ይከፈለዋል። ጉዳቱ ከፊል ከሆነ ክፍያው ከጉዳቱ መጠን ጋር ተመጣጣኝ ይሆናል። ጉዳቱ የደረሰው በአሠሪው ጥፋት ከሆነ ሠራተኛው በሕግ መሠረት ካሳ የመጠየቅ መብቱ የተጠበቀ ነው።

በአንጻሩ ሠራተኛው ሆን ብሎ በራሱ ላይ ላደረሰው ጉዳት አሠሪው ኃላፊ አይሆንም። አሠሪው በግልጽ የሰጠውን የደህንነት ትእዛዝ መጣስና ሰውነትን ወይም አእምሮን መቆጣጠር እስከማይቻል ድረስ ሰክሮ ሥራ መግባት በዚሁ ውስጥ ይታያሉ። ይህ ድንጋጌ የአሠሪውን የማስተማር ግዴታ ክብደት ይጨምራል፤ በአግባቡ ያልተነገረ ትእዛዝ «ተጥሷል» ሊባል አይችልምና።

አደጋ ከመድረሱ በፊት ሠራተኛው በራሱ ሊያስወግደው ያልቻለውን የአደጋ ምልክት ወዲያውኑ ለአሠሪው ማሳወቅ አለበት። ለሕይወትና ለጤንነት የሚያሰጋ አደጋ መኖሩን አሠሪው አውቆ በተሰጠው ጊዜ እርምጃ ካልወሰደ፣ ሠራተኛው ያለማስጠንቀቂያ የሥራ ውሉን ማቋረጥ ይችላል። የሥራ ሁኔታ ተቆጣጣሪም በሥራ ሰዓት ያለቅድሚያ ማስታወቂያ ወደ ድርጅቱ ገብቶ መመርመር፣ ናሙና መውሰድና ጉድለቱ በተወሰነ ጊዜ እንዲስተካከል ማዘዝ ይችላል።

ለትርፍ ላልሆነ ዓላማ በሚደረግ የግል አገልግሎት ቅጥር የሚሠሩ፣ ለምሳሌ የቤት ሠራተኞች፣ በዚህ አዋጅ አይሸፈኑም፤ የሥራ ሁኔታቸው በሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ እንዲወሰን አዋጁ ያዛል። የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሠራተኞችም በመንግሥት ሠራተኞች ሕግ ይተዳደራሉ። አዋጁ ለሚመለከተው ሠራተኛ፣ ሌላ የጊዜ ገደብ በሕግ ካልተወሰነ በስተቀር፣ ከሥራ ግንኙነት የሚመነጭ ክስ ጥያቄው መቅረብ ከሚችልበት ቀን ጀምሮ በአንድ ዓመት ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ ይታገዳል። ስለሆነም ሕክምናውን እየተከታተለ የሚገኝ ሠራተኛ እስኪድን ሳይጠብቅ ጥያቄውን በጽሑፍ ለአሠሪው እንዲያቀርብ፣ ምላሽ ካላገኘም በአቅራቢያው ወዳለው የሥራና ክህሎት ጽሕፈት ቤት ወይም የሠራተኛ ማኅበሩ ዘንድ እንዲቀርብ ይመከራል።