የሌሊት ጩኸትና የሚጥል በሽታ



በጎጃም ደጋ፣ በቁይ አካባቢ ባለ አንድ የገበሬ ቤት፣ አንድ ወጣት በእኩለ ሌሊት ከመኝታው ብድግ ብሎ ጮኸ፣ እጅና እግሩን አወራጨ፣ ደቂቃም ሳይሞላ ተመልሶ ተኛ እንበል። በዚያው ሌሊት ሁለት ሦስት ጊዜ ቢደገምበት፣ ቤተ ሰቡ አንዱ ቅዠት ነው፣ ሌላው ዛር ነው ማለቱ አይቀርም። ነገር ግን በዚህ ሕመም የተሳሳተ የአገራችን ገበሬ ብቻ አይደለም፤ የአውሮፓ ሐኪሞችም ለብዙ ዘመን ተሳስተውበታል።

ከክርስቶስ ልደት በፊት 400 ዓመት ገደማ በሂፖክራጥስ ስም የተላለፈ አንድ የግሪክ ድርሳን፣ የሚጥል በሽታ ከአማልክት ሳይሆን ከአንጎል የሚመጣ መሆኑን ገልጾ ነበር፤ ሰሚ ግን አላገኘም። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1870 የእንግሊዙ ሐኪም ጆን ሂውሊንግስ ጃክሰን፣ መንቀጥቀጡ ከየትኛው የአካል ክፍል እንደሚጀምር በመከታተል የታመመውን የአንጎል ስፍራ መገመት እንደሚቻል አስረዳ። በ1929 ጀርመናዊው ሃንስ በርገር የሰውን አንጎል ኤሌክትሪክ የሚመዘግብበትን ዘዴ አሳተመ።

ሆኖም የግንባር አንጎል ምስጢር ወዲያው አልተገለጠም። የዚህ ክፍል ከፊሉ በሁለቱ የአንጎል ገጾች መካከል ወደ ውስጥ የተደበቀ ስለ ሆነ፣ ከራስ ቅል ላይ የሚደረገው መመዝገቢያ አንዳንድ ጊዜ ምንም አያሳይም። በሽተኛውም እየተወራጨ የሚነገረውን የሚሰማበት ጊዜ አለ። ስለዚህ ብዙዎች ቅዠታም ወይም አስመሳይ ተባሉ። በ1981 በጣልያን አገር ሉጋሬዚና ቺሪኞታ እንዲህ ያሉ የሌሊት ሕመምተኞችን ገልጸው ሲጽፉ፣ ነገሩ የሚጥል በሽታ ስለ መሆኑ ገና ክርክር ነበር። ከጊዜ በኋላ ምንጩ የግንባር አንጎል መሆኑ ታወቀ፤ በ1995ም በአንድ የአውስትራልያ ቤተ ሰብ በዘር የሚወረሰው ዓይነት መነሻ ተገኘ።

ወደ አገራችን ስንመለስ፣ የነርቭ ሐኪሙ ፕሮፌሰር ረዳ ተክለ ሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው በቡታጅራ አካባቢ ቤት ለቤት አስመርምረው ውጤቱን በ1990 አሳተሙ። ከ60,820 ሰዎች መካከል 316 በሽተኞች ተገኙ፤ ይህም ከሺሕ 5.2 ማለት ነው። ተገቢውን መድኃኒት ያገኙት ግን ከመቶ ሁለት እንኳ አልሞሉም። ቀን በገበያ ሲወድቅ የታየ ሰው በቀላሉ ይቆጠራል፤ ሌሊት በመኝታው የሚወራጨውን ግን ከቤተ ሰቡ በቀር ማን ያየዋል?

እንግዲህ ለዕረፍት ወደ አገር ቤት የሚወርድ የመንግሥት ሠራተኛ ሊያስረዳ የሚገባው ነገር አለ። አረፋው በሽታውን አያስተላልፍም፤ ስለዚህ የወደቀውን ሰው ከእሳት ማራቅና በጎኑ ማስተኛት ይገባል እንጂ፣ ፈርቶ መሸሽም ሆነ የክብሪት ጢስ ማሽተት አይጠቅምም። ባፉ ምንም ነገር አይግባ። መንቀጥቀጡ ከአምስት ደቂቃ ካለፈ ሳይዘገዩ ወደ ሐኪም ማድረስ ያስፈልጋል። ሕመሙ በስንት ሰዓት እንደ መጣ፣ ምን ያህል እንደ ቆየ፣ ከየትኛው እጅ ወይም እግር እንደ ጀመረ አስተውሎ ለሐኪም መንገር ታላቅ እርዳታ ነው፤ የጃክሰን ጥበብም ከዚህ የተለየ አልነበረም። ከ1912 ጀምሮ ለዚህ በሽታ የሚሰጠው ፌኖባርቢታልና በኋላ የመጣው ካርባማዜፒን ብዙዎችን ረድተዋል። ጠበል የሚጠመቅም ቢሆን፣ ሐኪም ሳያዝ መድኃኒቱን አያቋርጥ።

ያ የቁይ ወጣት በሌሊት የሚያሰማው ጩኸት የአንጎል ሕመም ምልክት ሊሆን ይችላልና፣ ስም ከማውጣት በፊት ወደ ሐኪም እንውሰደው።